በሚኤሶ ድልድይ ላይ ትከሻዬን የነካኝ እጅ

በዚያ ከሰዓት በኋላ በብረቱ ድልድይ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። የቀለም ቀቢዎች አለቃ አቶ ተሰማ። የሥራ ጓደኛዬ መኮንን፣ የድሬዳዋ ልጅ። የድልድዩ ጠባቂ ኦቦ ሙሜ። ሶላቱን ያሰገዱት ሼህ አልዪ። ከመሰላ የመጡት ኦቦ ዩያ። እኔ ጸጋዬ። ከእኛም ጋር፣ በነጭ ከፈን ተጠቅልለው በቃሬዛ ላይ የተኙት የኦቦ ዩያ ታላቅ ወንድም ኦቦ ኢብሮ። ከእነዚህ ሌላ አንድም ሰው አልነበረም። ነገሩን ከሰው የሰሙ "የሚኤሶ ሰው ግማሹ ተሻገረ" ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚኤሶ ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ያይ ነበር እንጂ አልተሻገረም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። የአሰበ ተፈሪ ልጅ ነኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ፊደል እንደለየሁ ነው፤ ማንበብን ያጠናሁት አጎቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው። ከዚያ ወደ ሚኤሶ ወርጄ የባቡር ድልድይ ከሚቀቡ ሰዎች ጋር ተቀጠርኩ። ዝምተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ሰው ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቢቆጥርልኝም ከስሩ ሌላ ነገር ነበረው። እንቢ ማለት አልችልም ነበር። የሌላውን ተራ ሥራ እሠራለሁ፤ አልጋዬን ለእንግዳ ለቅቄ መሬት ላይ እተኛለሁ፤ ልሄድ ወደማልፈልግበት ቦታ "ና እንሂድ" ከተባልኩ ተነሥቼ እከተላለሁ። መኮንን ይቀልድብኝ ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር "ጸጋዬን ሸሚዝህን አውልቀህ ስጠኝ በለው" ይላል። "ሱሪውንም ልጨምር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል።" እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ድልድዩን ላላየ ሰው እንዲህ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሚነሣ የብረት ግድግዳ አለው። ግድግዳ ይባል እንጂ ድፍን አይደለም፤ ቀጥ ያሉና ያዘመሙ ብረቶች ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እየሠሩ የተያያዙበት ነው። በመካከል ሐዲዱ ያልፋል። ሐዲዱን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ተራርቀው ስለተጋደሙ በእንጨትና በእንጨት መካከል ክፍት ነው። እግሩን የሳተ ሰው እስከ ጭኑ ይገባል፤ ቁልቁል ሲያይ የሚያየውም ወንዙን ነው። በአንድ ጎን ለጠባቂው መሄጃ የተነጠፈ ሳንቃ ነበረ። በዚያ ሰሞን ግን የበሰበሰው ተነሥቶ አዲሱ ገና አልመጣም። የእኛ ሥራ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀይ ቀለም መቀባት፣ እሱ ሲደርቅ ደግሞ ግራጫውን መደረብ ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ስለምንውል በአግዳሚዎቹ ላይ መራመድ እንደ ሜዳ ሆኖልናል።

ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ኦቦ ኢብሮ ቤታቸው ከማዶ ስለነበር በየጠዋቱ አሸዋውን አቋርጠው የግመል ወተት ወደ ከተማ ያመጣሉ። ድልድዩ ስር ሲደርሱ ቆም ብለው ሽቅብ ያዩናል።

"ተሰማ፣ ዛሬም አላለቀም?"

"እያለቀ ነው፣ ኦቦ ኢብሮ" ይላሉ አቶ ተሰማ።

"እናንተ እዚህ ጫፍ ስትደርሱ እዚያኛው ጫፍ ዝገት ይጀምራል። ልጆቻችሁም እዚሁ ይቀባሉ።"

ይህን ብለው ሳይስቁ ይሄዳሉ። የምንስቀው እኛ ነን።

በኋላ ኦቦ ኢብሮ ታመሙ። ክሊኒኩ እንዲቀርባቸው ብለው ቤተሰቦቻቸው ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት አስተኟቸው። ጥቂት ሰንብተው አንድ ቀን ጠዋት አረፉ። ቃላቸው ከማዶ፣ ከሚስታቸው መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ ነበር፤ መቃብሩም ከድልድዩ ጫፍ ብዙ አይርቅም። ወንድ ልጃቸውና የማዶ ሰፈር ጎረምሶች በደረቁ አሸዋ ተሻግረው መቆፈር ጀመሩ። በመሰላ ላሉት ወንድማቸውም መልእክት ተላከ።

ቀትር ላይ ወንዙ የሚወርድባቸው የጨርጨር ተራሮች በደመና ጠቆሩ። ሚኤሶ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ፀሐዩ እንደ ወትሮው ያቃጥላል። እኛ ድልድዩ ላይ ስለነበርን ድምፁን ከሰው ሁሉ ቀድመን ሰማነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ ሲንከባለል። ከዚያ ጎርፉ መጣ። ጭቃ የመሰለ፣ ግንድና ቁጥቋጦ የተሸከመ ነበር። ጠዋት ሰዎቹ የተሻገሩበት አሸዋ ትንሽ ቆይቶ የት እንደነበር አይታወቅም።

አስከሬኑ ወንዙ ዳር የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

የሙስሊሞችን ቀብር ላልተከተለ አንባቢ አንድ ነገር መንገር አለብኝ፤ ያለዚህ የኋላው አይገባም። ቃሬዛውን ከቤት እስከ መቃብር አንድ ሰው አይሸከምም። ሁሉም ከአጅሩ፣ ከበጎ ሥራው ዋጋ፣ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ከኋላ ያለው ይመጣና የተሸካሚውን ትከሻ ይነካል። የተነካው ሳይከራከር ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ የነካው ይገባል። ጥቂት ሄዶ እሱም ይነካል፤ እሱም ይወጣል። ቃሬዛው ሳይቆም ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተላለፈ ይሄዳል። ተነክቶ አልለቅም ያለ ሰው የሌላውን ድርሻ እንደቀማ ይቆጠራል። እኔ አሰበ ተፈሪ ሳድግ የጎረቤት ቀብር ስሸኝ ይህን አድርጌያለሁ። የዚያን ቀንም ሰዉ ሲመጣ አይተን እኔና መኮንን ከድልድዩ ወርደን ተራችንን ተሸክመናል።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቃሬዛው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ጎርፉን አዩ፤ ፀሐይዋንም አዩ። ከማዶ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ወደ እኛ ይመለከታሉ።

"እስከ ነገ ቢጎድል ነው" አለ አንዱ።

"በዚህ ሙቀት ለነገ ይቆያል?" አሉ ሼህ አልዪ። "እዚሁ እንቅበረው ብንል ደግሞ ቃሉ አለ።"

ኦቦ ሙሜ ወደ ድልድዩ ዞረው ቆሙ። አቶ ተሰማ የኦቦ ሙሜ ሐሳብ ገባቸው።

"ኦቦ ሙሜ፣ እርስዎ እዚህ የተቀመጡት ሰው በዚህ እንዳያልፍ ነው።"

"ሰው እንዳይወድቅ ነው እኔ የተቀመጥኩ" አሉ ኦቦ ሙሜ። "ኢብሮ ከዚህ በላይ የት ይወድቃል?"

"ለእሳቸው አልፈራሁም። ለተሸካሚው ነው።"

"እሱን አንተ አስብ። ድልድዩን ቀን ሙሉ የምትወጣ የምትወርድ አንተ ነህ።"

አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው አሰቡ። "ጎን ለጎን አይኬድም" አሉ በመጨረሻ። "በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የሚገባው አንድ ሰው ነው። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። መሃል ላይ መቀያየር የለም። እግሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።"

ጎርፉን ሁሉም እያየው ነበር። መኮንን በክርኑ ነካ አደረገኝ።

"እኔና ጸጋዬ" አለ።

ሳልጠየቅ ተስማማሁ ማለት ነው። እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅሁ።

አቶ ተሰማ ወደ ሼሁ ዞሩ። "ልጆቹ ክርስቲያን ናቸው፤ እንዴት ይሆናል?"

"ከቤት እስከ እዚህ ሲሸከሙ ማን ከለከላቸው?" አሉ ሼህ አልዪ። "ቀጥ ብለው ይሂዱልን እንጂ።"

"ቀጥ ብለንማ ነው የምንሄደው" አለ መኮንን። "ከዘመምን ወንዝ ነው።"

ከሰዉ መካከል ጥቂቶች ፈገግ አሉ።

ኦቦ ሙሜ ወደ ጣቢያው ሰው ላኩ። ከአፍደም በኩል የዕቃ ባቡር እየመጣ መሆኑን፣ እሱ ካለፈ እስኪመሽ ሌላ እንደሌለ ተነግሮት ተመለሰ። ስለዚህ ባቡሩን መጠበቅ ነበረብን። በዚያ መካከል ሼህ አልዪ የጀናዛውን ሶላት እዚያው ወንዙ ዳር አሰገዱ፤ የማይሻገረው ሰው እንዲሰናበት። ባቡሩም መጣ። ድልድዩ ላይ ሲገባ ብረቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ፉርጎዎቹ እየተከተሉ አለፉ። ከዚያ ጎርፉ ብቻ ይሰማ ነበር።

ኦቦ ዩያ የደረሱት ይኸኔ ነው። ጭነት መኪና መንገዱ ላይ አራግፏቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ። ፂማቸውና ቅንድባቸው በአቧራ ነጥቷል። ሰዉ ከፍቶ አሳለፋቸው። ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክከው ዱዓ አደረጉና እጃቸውን እንጨቱ ላይ አኖሩ።

"አሁን ለእኔ ስጡኝ" አሉ በኦሮምኛ። "ከዚህ እኔ እይዛለሁ።"

ነገሩን ሼህ አልዪ ቀስ ብለው አስረዷቸው። ኦቦ ዩያ ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ደገኛ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እግራቸውን አኑረው አያውቁም።

"ከኋላ ልከተል?" አሉ።

"እሱን ተከተል" አሉ ኦቦ ሙሜ ወደ እኔ እያመለከቱ። "ወደ ታች አትይ። የልጁን ጀርባ እይ። እግሩን ያነሣበት እግርህን አኑር።"

ስንሠራ የምንታሰርበትን ገመድ በቃሬዛው እጀታዎች ላይ ቋጥረን በትከሻችን አዞርነው፤ ክብደቱን ትከሻ እንዲይዘው፣ እጅ ሚዛኑን እንዲጠብቅ። ኦቦ ሙሜ ቀደሙ። ከእሳቸው ኋላ መኮንን፣ ከዚያ ቃሬዛው፣ ከዚያ እኔ። ከእኔ ኋላ ኦቦ ዩያ፣ ሼህ አልዪ፣ በመጨረሻ አቶ ተሰማ። ገባን።

መኮንን ሁልጊዜ ወሬኛ ነው፤ እዚያ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ "እህ" ከማለት ሌላ አልተናገረም። በእሱ "እህ" እኔም እግሬን አነሣለሁ። ኦቦ ኢብሮ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም ገመዱ ትከሻዬን ይቆርጠው ጀመር። ከግራና ከቀኝ ጠዋት የቀባነው ቀይ ቀለም ገና አልደረቀም፤ ሽታው ይመጣል። ቃሬዛው ከፊቴ ስለሆነ አግዳሚዎቹን የማየው በጎኑ ባለ ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው። ከአግዳሚዎቹ ስር ውሃው ይሮጣል። ለረጅም ጊዜ ካዩት ውሃው የቆመ፣ ድልድዩ የሚሄድ ይመስላል። ስለዚህ ዓይኔን አነሣሁ። ከማዶ ቆፋሪዎቹ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ከጀርባቸው አዲስ የተቆፈረ አፈር ይታያል።

ከመሃል ጥቂት አለፍ ብለን ነበር። ግራ ትከሻዬን እጅ ነካኝ።

የሆነውን በትክክል ልጻፍ። ጉልበቴ መታጠፍ ጀመረ። አስቤበት አይደለም። ተነካሁ፤ መውጣት አለብኝ፤ ሰውነቴ የሚያውቀው ይህን ነው። ቀብር ላይ ብቻ አይደለም፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲነካኝ ዝቅ ብዬ ወጥቻለሁ። ቃሬዛው በግራ በኩል ዘመም አለ። መኮንን ቆመ።

"ጸጋዬ፣ ምን ሆንክ?" አለ ሳይዞር።

ግራ እግሬ ከአግዳሚው ተነሥቶ ነበር፤ የሚያርፍበት ሲያጣ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። ከሐዲዱ ወዲያ ሳንቃ የለም። እኔ ብወጣ የምወጣው ወደ ወንዙ ነው፤ ኦቦ ዩያም በእኔ ቦታ ሊገቡ ሲሉ አራታችንም፣ መኮንንንና ሟቹን ጨምሮ፣ እንሄዳለን።

"ናፍ ኬኒ" አሉ ኦቦ ዩያ ከኋላዬ። ስጠኝ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ሰው ተራው ሲደርስ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

እግሬን መልሼ አኖርኩ። ቃሬዛውን አቃናሁ።

"ሂን ኬኑ" አልኳቸው። አልሰጥም።

ይህን ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። የገዛ ጆሮዬ አልለመደውም። የተናገርኩት ደግሞ አባቴ ሊሆኑ ለሚችሉ ሰው ነው፣ በወንድማቸው አስከሬን ላይ።

እጃቸው አልተነሣም።

"ወንድሜ ነው" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ኦቦ።"

"ከቤት እስከ ወንዝ ከተማው ሁሉ ተሸክሞታል። እኔ ነኝ የቀረሁ። መቃብሩ ያውና። ከዚህ ስንወርድ ምን ይቀራል?"

እውነታቸውን ነበር። ለሌላ ጊዜ የማይተላለፍ ነገር ነው የጠየቁኝ። ምክንያቱን ማስረዳት ፈለግሁ፤ ሳንቃው፣ ክፍተቱ፣ ሚዛኑ። ማስረዳት ስጀምር እንደምሸነፍ ግን ከራሴ ተምሬያለሁ፤ ሰው ምክንያቴን ሲያፈርስብኝ ሁሌም እሺ እላለሁ።

"አልሰጥም" አልኩ እንደገና። "መኮንን፣ ሂድ።"

መኮንን ለአፍታ አልተንቀሳቀሰም። እኔ እሱን አዝዤው አላውቅም። ከዚያ "እህ" አለ፤ ሄድን።

"ምንድነው እዚያ?" አሉ አቶ ተሰማ ከመጨረሻ።

"ምንም" አሉ ሼህ አልዪ። "እየሄዱ ነው።"

የኦቦ ዩያ እጅ እስከ ማዶ ትከሻዬ ላይ ነበር። መጀመሪያ እንደ ጥያቄ ከበደኝ። በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫን፣ ለቀቅ ሲል ተሰማኝ። ራሳቸውን እየደገፉበት ይሁን አሁንም እየጠየቁኝ፣ አላወቅሁም። እጃቸውን ያንሡ ብዬም አልጠየቅኋቸውም።

ማዶ ላይ አፈር ረገጥን። ቃሬዛውን ቀስ ብለን አወረድነው። ገመዱን ከትከሻዬ ፈታሁ። ቀና ብዬ ኦቦ ዩያን ማየት አልደፈርኩም። ቆፋሪዎቹ መጡ፤ የኦቦ ኢብሮ ልጅ አጎቱን አቀፈ። ከዚያ አራት ሆነው አነሡት። ኦቦ ዩያ ከፊት በቀኝ ገቡ። እኔ ከኋላ ቀርቼ ተከተልኩ።

ጥቂት እንደሄዱ አንድ ጎረምሳ፣ ተራ ነውና፣ መጥቶ የኦቦ ዩያን ትከሻ ነካ።

"ሂን ኬኑ" አሉ ኦቦ ዩያ።

ልጁ እጁን አንሥቶ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ሌላ ሰውም መጣ፤ እሱም ያንኑ ሰማ። ከዚያ በኋላ የነካቸው የለም። ሌሎቹ ሦስቱ ተቀያየሩ። ኦቦ ዩያ ግን ወንድማቸውን እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ በዚያው ትከሻቸው አደረሱት።

ከቀብሩ በኋላ ፀሐይ ሳትገባ በዚያው ድልድይ ተመለስን። ኦቦ ዩያ ከማዶ ቀሩ፤ ለቅሶው እዚያ ነው። ስንለያይ "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አባቴን አላወቁትም። እጄን ጨብጠው ለቀቁኝ።

እናንተ የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ተናጋሪ ሆንኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አልሆንኩም። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ብረቱ እርጥብ ሳለ አቶ ተሰማ "ጸጋዬ፣ ላይኛውን ጨርስና ውረድ" ሲሉኝ፣ "እስኪደርቅ አልወጣም" አልኳቸው። አዩኝና "እሺ፣ እስኪደርቅ" አሉ። ይኸው ነበር። ዓመታት የፈራሁት ነገር እንዲህ ያለች አጭር ንግግር ነበረች። መኮንንም የሸሚዙን ቀልድ ተወ፤ ወይም ሌላ ሰው አግኝቷል።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የማስበው ሌላ ነገር አለ። እሺ ባይነቴን እንደ ደግነት እቆጥረው ነበር። ኦቦ ዩያን እሺ ብላቸው ኖሮ ደግነት አልነበረም። ከእኔ የሚፈልጉትን ነፍጌያቸዋለሁ፤ ያደረግሁትም ለእሳቸው ብዬ ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። እናንተም የምትሳሱለት ሰው ትከሻችሁን ነክቶ ሊሰጥ የማይገባውን ሲጠይቃችሁ እጁን ሳታባርሩ አልሰጥም ማለት ትችላላችሁ። እኔ የቻልኩት አንድ ቀን፣ መውጫ በሌለበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ቀላል ነው አልላችሁም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ከቆምኩበት ያየሁትን ያህል ነው። አቶ ተሰማ ከመጨረሻ ሆነው ያዩትን እኔ አላየሁም። መኮንን ከፊት የተሰማውን ነግሮኝ አያውቅም፤ ቀልድ አድርጎ ያልፈዋል። ሼህ አልዪ "ምንም" ያሉት ሁሉን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ፣ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከማዶ የነበራችሁ ቆፋሪዎችም ያጎደልኩት ካለ ሙሉልኝ፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። በተለይ አንተን፣ መጀመሪያ የኦቦ ዩያን ትከሻ የነካኸውን ልጅ፣ ስምህን ባላውቅም አንድ ነገር ልጠይቅህ። "ሂን ኬኑ" ሲሉህ ዞር ብለው አይተውህ ነበር። እኔ ከኋላቸው ስለነበርኩ የሰማሁት ድምፃቸውን ብቻ ነው። ፊታቸው ምን ይመስል ነበር?